ከኪስ እስከ ፎቶ ስንት ሰከንድ? ለጅቡቲ ጉዞ ፈጣን የኪስ ካሜራ አመራረጥ

ከአዲስ አበባ ወይም ከድሬዳዋ ጅቡቲ ከተማ የመጣ እንግዳ በሦስተኛው ቀን ግድም ካሜራውን ከፍቶ የሚያሳየኝ ፎቶ ከሰው ሰው እምብዛም አይለያይም። ኳሷ የሌለችበት የሲየስታ ባሕር ዳር የኳስ ጨዋታ፤ ጥግ የታጠፈ ሚኒባስ የኋላ መብራት፤ ከባቡር መስኮት የተነሳ፣ ግመሎቹ ቀድመው ያለፉበት ባዶ ሜዳ። ቀጥሎ «ካሜራዬ ቀርፋፋ ነው፤ ፈጣን ምረጥልኝ» ይመጣል። ምክሬን ሰምቶ ከጨረሰ በኋላ ግን ሱቅ ገብቶ ሳጥኑ ላይ ትልቁ ቁጥር የተጻፈበትን ይገዛል፤ በዓመቱም ያንኑ የኋላ መብራት አንስቶ ይመለሳል።

የሚከተለው ቅደም ተከተል ኪስ ወይም ትንሽ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ካሜራ ለሚፈልግ መንገደኛ ነው። ስልክዎ አዲስና ጥሩ ከሆነ፣ ፎቶዎችዎንም ከስልክ ስክሪን ውጭ የማያዩአቸው ከሆነ እዚህ ላይ ማቆም ይችላሉ፤ ገንዘብዎ ይተርፋል። ካሜራ የሚያስፈልገው ራቅ ያለውን በእውነተኛ ሌንስ ለማቅረብ፣ ሲመሽ የሚንቀሳቀስ ነገር ለመያዝና ፎቶውን አሳትሞ ግድግዳ ላይ ለመስቀል ነው።

1. ያመለጡዎትን ፎቶዎች ይመርምሩ

የተበላሹ ፎቶዎችዎን አይሰርዟቸው፤ ሱቅ ከመግባትዎ በፊት ቁጭ ብለው ይዩአቸው። ካሜራ የሚዘገየው በአንድ ቦታ ብቻ አይደለም፤ የት እንደዘገየ የሚናገረው ደግሞ ብልሽቱ ራሱ ነው።

የፈለጉት ነገር ፎቶው ውስጥ ጭራሽ ከሌለ ካሜራው ለመነሳት፣ ወይም ቁልፉ ከተጫነ በኋላ ለማንሳት ዘግይቷል። ሰውየው አለ፣ ግን እሱ ደብዝዞ ከኋላው ያለው ግድግዳ ጥርት ካለ ፎከሱ አልደረሰበትም። ግድግዳውም የቆሙት ሰዎችም ጥርት ብለው የሚሮጠው ልጅ ብቻ እንደ ጭስ ከተጎተተ ሹተሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው መከለያ፣ ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ ቆይቷል። ሁሉም ነገር ከተጎተተ እጅዎ ተንቀሳቅሷል። የመጀመሪያው ፎቶ ጥሩ ሆኖ ዋናው ቅጽበት ከቀረ ደግሞ ካሜራው የፊተኛውን ካርዱ ላይ በመጻፍ ተጠምዶ ነበር።

እኔ በጊዜዬ በሰከንድ ብዙ የሚያነሳ ካሜራ ልገዛ ቋምጬ ነበር። ብልሽቶቼን ለይቼ ስቆጥር ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የፎከስ ጥፋት ሆነው ተገኙ። ልገዛው የነበረው ካሜራ ያንኑ የደበዘዘ ፊት በሰከንድ 20 ጊዜ ያነሳልኝ ነበር።

2. የሳጥኑን ቁጥር ወደ ጎን ይተዉት

«በሰከንድ 20» የሚለው ጽሑፍ ካሜራው ነቅቶ፣ ፎከስ አግኝቶ፣ የመጀመሪያውን ፎቶ ካነሳ በኋላ ስላለው ፍጥነት ብቻ ይናገራል። ለመንገደኛ የሚበዛው ፋይዳ ከዚያ በፊት ባለው ጊዜ ነው፤ ካሜራውን ከኪስ ካወጡበት እስከ መጀመሪያው ፎቶ። ሻጩን አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ «በተከታታይ ሲያነሳ ፎከሱ አብሮ ይከተላል ወይስ በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ይቆለፋል?» ከተቆለፈ ወደ እርስዎ የሚሮጥ ልጅ ከሁለተኛው ፎቶ ጀምሮ መደብዘዝ ይጀምራል።

የሜጋፒክስል ብዛት ከፍጥነት ጋር ዝምድና የለውም። ካለውም በተቃራኒው ነው፤ ፋይሉ በከበደ ቁጥር ለመጻፍ ይዘገያል።

3. ፎከሱ በምን ዘዴ እንደሚሠራ ይጠይቁ

ካሜራዎችን በዋናነት የሚለያቸው ይህ ነው። አንደኛው ዘዴ ንፅፅርን ይፈልጋል፤ ሌንሱ ወደፊት ይሄዳል፣ ጥራቱ ከፍ ብሎ መውረድ ሲጀምር ማለፉን ያውቃል፣ ከዚያ ይመለሳል። ሬድዮ በእጅ እያዞሩ ጣቢያ እንደመፈለግ ነው። ሁለተኛው ፌዝ ዲቴክሽን ይባላል፤ ሌንሱ ወዴት፣ ምን ያህል መንቀሳቀስ እንዳለበት ከመነሻው ስለሚለካ አንዴ ሄዶ ይቆማል። ለሚንቀሳቀስ ነገር የሚሻለው ይህ ነው።

በኪስ ካሜራዎች መካከል ሶኒ አር.ኤክስ.100 ማርክ 7 (2019) 357 የፌዝ ዲቴክሽን ነጥቦች አሉት፤ ቀድሞ የወጣው ማርክ 5 ደግሞ 315። በዚያው በ2019 የወጣው ካነን ጂ7 ኤክስ ማርክ 3 ቀለሙ ያምራል፣ ለቪዲዮም ይወደዳል፤ ፎከሱ ግን በንፅፅር ብቻ የሚሠራ ነው። ለቆመ ሰውና ለሕንፃ ምንም አይጎድለውም፤ ለሩጫ ግን አልመክረውም። ሪኮ ጂ.አር. 3 ሁለቱንም ዘዴ ቢያጣምርም ሲመሽ ይንገዳገዳል። ነገር ግን ሌሎቹ የሌላቸው አንድ ብልሃት አለው፤ ሰባተኛው ደረጃ ላይ እመለስበታለሁ።

4. ሌንሱ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያስገባ ይዩ

ጅቡቲ ላይ ጀምበር የምትጠልቀው 12 ሰዓት ግድም ነው፤ ከጠለቀች በኋላም ብዙ አትታገስም፣ ጨለማው ቶሎ ይወርዳል። ሰው ግን ከቤቱ የሚወጣው፣ ሙቀቱ በረድ የሚለውና ባሕር ዳሩ የሚሞላው በዚሁ ሰዓት ነው። ስለዚህ እዚህ ከተማ ከምሽት ብርሃን የተጣላ ሌንስ ግማሽ ካሜራ ነው።

ሌንሱ ላይ ኤፍ ከሚለው ፊደል ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ያንብቡ፤ ባነሰ ቁጥር ብዙ ብርሃን ይገባል፣ ሹተሩም ለአጭር ጊዜ መከፈት ይበቃዋል። ምሽት ላይ ኤፍ 1.8 የሆነ ሌንስ በ1/200 ሰከንድ የሚያነሳውን ኤፍ 2.8 የሆነው በ1/80 አካባቢ፣ ኤፍ 4.5 የሆነው በ1/30 አካባቢ ያነሳዋል። የሚራመድን ሰው ጥርት አድርጎ ለመያዝ ቢያንስ 1/125፣ ኳስ ለሚመታ 1/500 ያስፈልጋል። በ1/30 የሚቀርልዎት ጭስ ነው።

ከዚህ ላይ አስቸጋሪው ምርጫ ይመጣል። ብዙ ዙም ያለው ሌንስ ብርሃኑን ይቆጥባል። የፓናሶኒክ ቲ.ዜድ.200 ከ24 እስከ 360 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ግን ኤፍ 3.3 ብሎ ጀምሮ ዙሙ ሲረዝም 6.4 ይሆናል። አር.ኤክስ.100 ማርክ 7 ከ24 እስከ 200 ሚሊሜትር በኤፍ 2.8–4.5 ይሠራል። ማርክ 5 ኤ የሚባለው 70 ሚሊሜትር ላይ ያቆማል፤ ግን 1.8–2.8 ነው። ለአሳል ሐይቅና ለግመል ቅፍለት የምሄድ ብሆን ዙሙን፣ ለከተማው የምሄድ ብሆን የመጨረሻውን እወስዳለሁ። ሁለቱንም በአንድ ኪስ የሚያሟላ አላየሁም።

ሴንሰሩንም ይጠይቁ። ባለ 1 ኢንች የሚባለው በርካሽ የኪስ ካሜራዎች ውስጥ ከሚገኘው ከትንሹ ሴንሰር ስፋቱ አራት እጥፍ ያህል ነው። ከዚያ በታች የሆነን ካሜራ አይግዙ፤ ከውሃ ውስጥ በቀር።

የውሃው ነገር እንዲህ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በአርታ ዳርቻ አካባቢ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ይመጣል፤ ብዙ ጎብኚም ለእሱ ሲል ይመጣል። ለዚህ ኦሊምፐስ ቲ.ጂ.-6 ወይም ተተኪው ኦ.ኤም. ሲስተም ቲ.ጂ.-7 ያለ ተጨማሪ መሸፈኛ እስከ 15 ሜትር ጥልቀት ይገባል። ሴንሰሩ ትንሽ ነው፤ ግን የደረቀ መካከለኛ ካሜራ ከሰጠመ ጥሩ ካሜራ ይሻላል። ፍላሹን ያጥፉ፤ ዓሣው የሚበላቸው ጥቃቅን ነፍሳት ውሃውን ስለሚሞሉት ፍላሽ ሲበራ በረዶ የዘነበ ያስመስለዋል።

5. የዓይን መመልከቻ ያለውን ያስቀድሙ

አጭር ነጥብ ናት፤ ብዙ ሰው ግን ከገዛ በኋላ ነው የሚያስታውሳት። በሜኔሊክ አደባባይ ነጫጭ ቅስቶች መካከል ቀትር ላይ ቆመው የካሜራውን ስክሪን ለማየት ቢሞክሩ የሚያዩት የራስዎን ፊት ነው። ባላዩት ነገር ላይ ፈጣን መሆን አይቻልም። አር.ኤክስ.100 ማርክ 7 ብቅ የሚል መመልከቻ አለው፤ ትንሽ ከበድ የሚለው የፉጂፊልም ኤክስ100 ተከታታይም አለው። ሪኮና ካነን ጂ7 ኤክስ የላቸውም።

6. ሱቅ ውስጥ በስልክዎ ሰዓት ይለኩ

አምራቹ የሚጽፈውን ከማመን ራስዎ መለካት ይሻላል፤ የሚያስፈልገው የስልክዎ ሰዓት መቁጠሪያ ብቻ ነው። እዚህ ሱቆች ከቀትር በኋላ ዘግተው ወደ 10 ሰዓት ግድም ስለሚከፍቱ ጠዋት ይሂዱ፤ ሻጩም አልተሰላቸም። ካሜራው ቻርጅ የተደረገ ባትሪና የራስዎ ካርድ ይኑረው።

ሰዓት መቁጠሪያውን አስነስተው ስልኩን ባንኮኒው ላይ ያቁሙት። ካሜራው ጠፍቶ በእጅዎ ይሁን። ሰዓቱ ልክ 10 ሲል ያብሩትና ወዲያው ስልኩን ያንሱት። ፎቶው ላይ የሚነበበው 11.8 ከሆነ ካሜራው ከእንቅልፉ ተነስቶ ለማንሳት 1.8 ሰከንድ ወስዶበታል። ሪኮ ጂ.አር. 3 በ0.8 ሰከንድ እንደሚነሳ አምራቹ ይገልጻል፤ ረጅም ዙም ያላቸው ግን ሌንሳቸው ተገፍቶ እስኪወጣ ጊዜ ይፈልጋሉ። ከ2 ሰከንድ በላይ የሆነውን እኔ እመልሰዋለሁ።

ቀጥሎ ፎከሱን ይለኩ። ካሜራው በርቶ ወደ ሱቁ በር ያነጣጥሩ፤ ከዚያ ወደ ስልኩ ዞር ይበሉና ቁልፉን በግማሽ ሳይጫኑ፣ ሰዓቱ 5 ሲል በአንዴ እስከ ታች ይጫኑት። 5.2 ቢመጣ ጥሩ ነው፤ 5.7 ቢመጣ ያቺ የሄደችው ኳስ ናት። የራስዎ ጣትም ስለሚዘገይ «ሦስት፣ አራት፣ አምስት» እያሉ በምት ይጫኑ፤ አምስት ጊዜ ደጋግመው መካከለኛውን ይውሰዱ። ይህንኑ ፈተና ዙሙን እስከ ጫፍ ስበው፣ ከዚያም ጨለም ባለው የሱቁ ጥግ ይድገሙት። ብዙ ካሜራ መብራት ስር ጎበዝ ነው፤ ጥግ ላይ ግን ሌንሱ ወዲያ ወዲህ ሲል ድምፁን ይሰሙታል።

በመጨረሻ ቁልፉን ተጭነው ይቆዩና ስንት ፎቶ ካነሳ በኋላ እንደሚዘገይ፣ ከዚያም ስንት ሰከንድ ጠብቆ እንደገና እንደሚታዘዝ ይቁጠሩ። ያኔ ካርዱ ዋና ነገር ይሆናል። አንድ ሮው (ያልተቀናበረ) የፎቶ ፋይል 20 ሜጋባይት ቢሆን 20 ፎቶ 400 ሜጋባይት ነው፤ ካርዱ በሰከንድ 30 ሜጋባይት ቢጽፍ ከ13 ሰከንድ በላይ ሲታገሉ ይቆያሉ። ካርዱ ላይ «ቪ» እና 30 የሚል ምልክት ካለ በሰከንድ ቢያንስ 30 ሜጋባይት ሳያቋርጥ ይጽፋል ማለት ነው፤ ከዚህ በታች አይውረዱ። አስመስለው የተሠሩ ካርዶች በየገበያው ስላሉ ከመንገዱ በፊት አንድ ጊዜ እስኪሞላ አንስተው ሁሉም ፎቶ መከፈቱን ያረጋግጡ።

ያገለገለ ካሜራ ከሆነ ሦስት ነገር ይጨምሩ። ቁጥሩን ኤፍ 11 ወይም ከዚያ በላይ አድርገው ነጭ ግድግዳ ያንሱና ፎቶውን አሳድገው ጥቁር ነጠብጣብ ይፈልጉ፤ ሴንሰሩ ላይ የገባ አቧራ ነው፤ ኪስ ካሜራ ደግሞ ሌንሱ ስለማይፈታ ማጽዳቱ ቀላል አይደለም። ባትሪው አለማበጡን ይዩ። የሜኑውን ቋንቋ ይክፈቱ፤ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ሶኒዎች ከጃፓንኛ ሌላ ቋንቋ የላቸውም። ዋጋውን ከዱባይ ጋር ማነጻጸር ከፈለጉ የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ስለሆነ ስሌቱ አይለዋወጥም፤ 1 ዶላር 177.7 ፍራንክ ነው።

7. ካሜራውን ለፍጥነት ያዘጋጁ

ገዝተው ሲወጡ ካሜራው የተዘጋጀው ለልደት ድግስ ነው። ራሱ የሚበራውን ፍላሽ፣ የቀይ ዓይን ማስተካከያውን፣ ካነሱ በኋላ ፎቶውን ለሁለት ሰከንድ የሚያሳየውን፣ ድምፁንም ያጥፉ። እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ጊዜ ይሰርቃል።

አሁን ወደ ቃል የገባሁት ብልሃት። የጅቡቲ ፀሐይ ጠንካራ ስለሆነች ቀን ላይ ከነጭራሹ ፎከስ ሳይፈልጉ ማንሳት ይችላሉ። ሪኮ ስናፕ ፎከስ የሚል አማራጭ አለው፤ ርቀቱን 2 ሜትር፣ ቁጥሩን ኤፍ 8፣ የሴንሰሩን የብርሃን ትብነት (አይ.ኤስ.ኦ.) 400 ያድርጉ። ከ1 ሜትር እስከ 20 ሜትር ያለው ሁሉ ጥርት ይላል፤ ሹተሩም ደማቅ ፀሐይ ላይ 1/1600 ይሆናል። ካሜራው የሚፈልገው፣ የሚያመነታበት ነገር የለም፤ ሲጫኑ ያነሳል። ባለ 1 ኢንች ሴንሰር ካሜራ ካለዎት ዙሙን ሳይስቡ፣ ፎከሱን በእጅ 2 ሜትር ላይ አድርገው ኤፍ 4 ይበቃዎታል፤ ከ1 ሜትር እስከ አድማስ ይይዛል። ርካሽና ቀርፋፋ ፎከስ ያለው ካሜራ እንኳ በዚህ መንገድ ቀን ላይ ውዱን ይስተካከላል። ለካሜራ የመደብኩትን ገንዘብ ለአውሮፕላን ትኬት ያዞርኩት ይህን ካወቅሁ በኋላ ነው።

ማታ በመብራት ስር ከሆነ ድምፅ አልባውን ኤሌክትሮኒክ ሹተር አይጠቀሙ። ኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ ስለሆነ አንዳንድ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ፎቶዎም ላይ ጥቁር ሰንበር ይወጣል። በመደበኛው ሹተር 1/100 ላይ ያቁሙት። ከባቡር መስኮትም ኤሌክትሮኒኩን ይተዉ፤ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎቹን ያጋድላቸዋል። ከአዲስ አበባው ለቡ ጣቢያ ወደ ጅቡቲው ናጋድ ሲመጡ ባቡሩ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በሰከንድ 28 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ በ1/60 ሹተር ከመስኮቱ ስር ያለው ቁጥቋጦ ግማሽ ሜትር ገደማ ይጎተታል፤ በ1/1000 ግን 3 ሳንቲሜትር ብቻ። የሩቁን ተራራ ግን በየትኛውም ያገኙታል። መስታወቱን ቀድመው ይጥረጉ፤ ሌንሱን ሳያስነኩ ያስጠጉት፤ ጥቁር ልብስም ይልበሱ፣ አለዚያ ሸሚዝዎ መስታወቱ ላይ አብሮ ይነሳል።

8. ከሙቀት፣ ከላብና ከጨው ይጠብቁት

አብዛኞቹ የኪስ ካሜራዎች እንዲሠሩ የታሰቡት ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ጅቡቲ በሐምሌ ይህን ታልፋለች። ካሜራውን ቆሞ በሚጠብቅ ታክሲ ውስጥ፣ ከመስታወቱ ስር አይተዉት።

ከሙቀቱ የበለጠ የሚያስቀረው ግን ጭጋግ ነው። ኤሲ ባለበት ክፍል ያደረ ካሜራ እርጥበት ወዳለው አየር ሲወጣ ሌንሱ ላይ ውሃ ይቋጥራል፤ ቢጠርጉትም ይመለሳል። እንዲህ ሲሆን በ0.8 ሰከንድ የሚነሳው ካሜራ የሩብ ሰዓት ካሜራ ይሆናል። ከመውጣትዎ ግማሽ ሰዓት በፊት በደንብ በታሰረ ፌስታል አድርገው ከኤሲው ውጭ ያስቀምጡት፤ ውሃው ፌስታሉ ላይ ይቀራል።

ከባሕር ጠለል 155 ሜትር በታች ወደሚገኘው አሳል ሐይቅ ከሄዱ ጨው የነካ እጅዎን ሳይታጠቡ ካሜራውን አይንኩ። የሚወጣና የሚገባ ሌንስ አሸዋና ጨው ይዞ ይገባል። ማታ በትንሹ በረጠበ ጨርቅ፣ ከዚያ በደረቅ ይጥረጉት። ባትሪም አይርሱ፦ በመደበኛ ልኬት አር.ኤክስ.100 ማርክ 7 በአንድ ቻርጅ 260፣ ሪኮ ጂ.አር. 3 ደግሞ 200 ፎቶ ያህል ያነሳሉ። ሁለት መጠባበቂያ ይያዙ፤ በአውሮፕላን ከመጡ በእጅ ቦርሳ ነው የሚሄዱት፣ በሚጫነው ሻንጣ አይፈቀዱም።

9. የማይቸኮልበትን ይለዩ

ወደብ፣ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ድልድይ፣ የመንግሥት ሕንፃና የጦር ሰፈር ፎቶ አይነሱም። ከተማዋ በአሜሪካ፣ በፈረንሳይ፣ በጃፓን፣ በጣሊያንና በቻይና የጦር ሰፈሮች የተከበበች ናት፤ ሳያውቁት አንዱን ከኋላ ማስገባት ቀላል ነው፤ ስለዚህ ከማንሳትዎ በፊት የኋላውን ይዩ። ናጋድ ጣቢያ ላይም ሠራተኛ ጠይቀው ያንሱ።

ከቀኑ 7 ሰዓት ግድም ከኢትዮጵያ የመጣው ጫት ከተማ ሲደርስ የመኪናው ጥሩምባ፣ የሻጮቹ ሴቶች ሽሚያ፣ የሰዉ ሩጫ ካሜራ የያዘን ሰው ያስጎመጃል። ፈጣን ካሜራ አለኝ ብለው ሰርቀው አያንሱ፤ ሻጮቹ ፎቶ አይወዱም፣ ቁጣቸውም ከማንኛውም ሹተር ይፈጥናል። «ፎቶ፣ ሲል ቩ ፕሌ?» ብለው ይጠይቁ፤ ከመካከላቸው አማርኛ የምትመልስልዎ አትጠፋም። እሺ ስትልዎ ካሜራው በርቶ፣ ፎከሱ 2 ሜትር ላይ ሆኖ ይጠብቃት፤ እሺ ያለ ፊት የተፈጥሮ ሆኖ የሚቆየው ለአንድ ሁለት ሰከንድ ነው፣ ከዚያ ፎቶ የሚነሳ ፊት ይሆናል።

10. ካሜራውን መመለስ በሚችሉበት ቀን ይሞክሩት

ከሻጩ ጋር ስንት ቀን ውስጥ መቀየር እንደሚቻል ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ። በዚያው ቀን 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሲየስታ ይሂዱ። ውሃው ሸሽቶ ከሆነ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ከታላላቆቻቸው ፈቃድ ይጠይቁ። ካሜራውን ኪስዎ ውስጥ አጥፍተው ይያዙና ኳሷ ወደ ጎል ስትቀርብ ብቻ ያውጡት። 20 ጊዜ ያንሱ፤ አሥሩን ጀምበር ሳትጠልቅ፣ አሥሩን ከጠለቀች በኋላ። ቤት ገብተው ኳሷም እግሩም ጥርት ብለው የሚታዩባቸውን ይቁጠሩ። ከመጀመሪያዎቹ አሥር ሰባት፣ ከኋለኞቹ አራት ካገኙ ያስቀሩት። ከዚያ ካነሰ ነገ ጠዋት፣ ሱቁ ሳይዘጋ፣ ከነሳጥኑ ይመልሱት።